ሕጉ ሳይወጣ የሚያልቀው ጥይት

አሜሪካ ውስጥ የመሣሪያ ገበያ የሚደራው መቼ ነው? መሣሪያ ወዳድ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ይመስላል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

በኖቬምበር 2008 ባራክ ኦባማ ተመረጡ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች የአውሮፓ ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) በዚያ ወር ኤፍቢአይ ከመሣሪያ ግዢ ጋር የተያያዘ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ አካሄደ። ከዓመት በፊት በዚሁ ወር የተካሄደው 1.08 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ኦባማ ገና ቃለ መሐላ እንኳ አልፈጸሙም። ገዢው ግን አልጠበቀም።

በቀጣዮቹ ዓመታት ቁጥሩ መውጣቱን ቀጠለ። በ2008 በዓመት 12.7 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ማጣሪያ በ2016 ወደ 27.5 ሚሊዮን ደረሰ። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ኮንግረስ አንድም ትልቅ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ አላጸደቀም። እንዲያውም ኦባማ በ2009 የፈረሙት የክሬዲት ካርድ ሕግ ውስጥ፣ ሰው ወደ ብሔራዊ ፓርኮች መሣሪያ ይዞ እንዲገባ የሚፈቅድ አንቀጽ ተካቶ ነበር። በፌዴራል ሕግ ደረጃ ካየነው፣ የመሣሪያ ባለቤቶች በዚያ ዘመን ያጡት ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚያ ዶናልድ ትራምፕ መጡ። ኤንአርኤ የተባለው ትልቁ የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር በይፋ የደገፋቸው ሰው ናቸው። በምርጫው ማግስት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2016፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንና የስተርም ሩገር አክሲዮኖች ከ10 በመቶ በላይ ወረዱ። ባለ አክሲዮኖቹ ነገሩ ቶሎ ገብቷቸዋል። ሂላሪ ክሊንተን ያሸንፋሉ ብለው መጋዘናቸውን የሞሉ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ታቅፈው ቀሩ። በ2017 ማጣሪያው ወደ 25.2 ሚሊዮን ወረደ። በማርች 2018 አንጋፋው አምራች ሬሚንግተን የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዕዳው የቆየ ቢሆንም፣ የገበያው መቀዝቀዝ ገፍቶ ጣለው።

እኔ እንደማየው ፍላጎቱን የሚያንረው «ሊከለከል ነው» ከሚለው ወሬ እስከ ሕጉ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ብዙ መሣሪያ ይሸጣል። ሕጉ ጭራሽ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ ከዚያ ሁሉ ግርግር የሚተርፈው የተሸጠው መሣሪያ ብቻ ነው። ፖለቲከኞች ይህን ያውቃሉ ወይ? ማወቅ አለባቸው። ምክንያቱም ዋጋው የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው፤ ወደ ኋላ ላይ አሳያለሁ።

መጀመሪያ ግን ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር እንወቅ። ገዢው ፈቃድ ያለው ሱቅ ይገባል። መታወቂያ ያሳያል። 4473 የሚባል የፌዴራል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ መሣሪያውን የምትገዛው ለራስህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለ ወንጀል ክስ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት፣ ስለ ዕፅ፣ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታም ይጠይቃል። ሻጩ መረጃውን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ይልካል። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ይቀጥል፣ ይዘግይ፣ ተከልክሏል። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ይህ ሥርዓት ሥራ የጀመረው በኖቬምበር 30 ቀን 1998 ነው።

አንድ ማጣሪያ አንድ መሣሪያ ማለት አይደለም። በአንድ ማጣሪያ ሁለት ሦስት መሣሪያ መግዛት ይቻላል። እንደ ኬንታኪ ያሉ ግዛቶች ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች በየወሩ ስለሚያጣሩ ቁጥሩ ያብጣል። በሌላ በኩል በብዙ ግዛቶች ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ማጣሪያ አይጠየቅም። ያም ሆኖ አቅጣጫውን ለማየት ሁሉም የሚጠቀመው ይህንን ነው። የፌዴራል መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን መዝገብ እንዳያቋቁም በ1986 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። ስሜ መዝገብ ውስጥ ከገባ ነገ መጥተው ይወስዱብኛል የሚለው ስጋት ነው ያንን አንቀጽ ያስገባው። ይህን ስጋት ልብ በሉልኝ፤ አገር ቤት ስንደርስ እናገኘዋለን።

ዲሴምበር 14 ቀን 2012፣ ኒውታውን፣ ኮኔቲከት። ሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ተገደሉ። ልጆቹ የስድስትና የሰባት ዓመት ነበሩ። ኦባማ በቴሌቪዥን ፊት እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር መደረግ አለበት የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ።

መሣሪያ ሱቆችም በዚያው ሳምንት ተጨናነቁ። ዲሴምበር 21 በአንድ ቀን ብቻ ከ177 ሺህ በላይ ማጣሪያ ተካሄደ። የወሩ ድምር 2.78 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ ወር ይህን ያህል ታይቶ አያውቅም። ብራውኔልስ የሚባለው የአይዋ ግዛት የመሣሪያ ዕቃ አከፋፋይ፣ በአዘቦት ቀን በሦስት ዓመት ተኩል የሚሸጠውን የጠመንጃ ካዝና በ72 ሰዓት ውስጥ እንደሸጠ አስታወቀ። 15 ዶላር ገደማ የነበረው ባለ 30 ጥይት ካዝና ከ50 ዶላር በላይ ተቸበቸበ።

ለምን ካዝና? ሰዉ ያለፈውን ያስታውሳል። በሴፕቴምበር 1994 ቢል ክሊንተን የፈረሙት ሕግ የተወሰኑ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችንና ከ10 ጥይት በላይ የሚይዙ አዳዲስ ካዝናዎችን ለአሥር ዓመት አገደ። ቀድሞ የተሠራው ግን አልተነካም። በእጅህ ያለው ያንተ ነው ተባለ። ሕጉ እስኪጸድቅ አምራቾች ቀን ከሌት አመረቱ። ከጸደቀ በኋላ «ከእገዳው በፊት የተሠራ» የሚባል ራሱን የቻለ ገበያ ተፈጠረ፤ ዋጋውም ለዓመታት ከፍ ብሎ ቆየ። ሕጉ በ2004 ጊዜው አልቆ ቀረ። ትምህርቱ ግን ከገዢው ጭንቅላት አልወጣም። ቀድሞ የገዛ ይጠቀማል፣ የዘገየ ይቆጨዋል።

ከዚህም የባሰ ምሳሌ አለ። በሜይ 1986 የወጣው ሕግ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የተመዘገበ ሙሉ አውቶማቲክ መሣሪያ ለሲቪል እንዳይሸጥ ከለከለ። ቀድሞ የተመዘገበው ግን ዛሬም በሕግ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ቁጥሩ አይጨምርም፤ ፈላጊው ይጨምራል። ዛሬ አንድ የተመዘገበ ኤም-16 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። አሜሪካዊ የመሣሪያ ገዢ እገዳ ሲባል የሚታየው ይህ ነው። የሚያየው እንደ ወርቅ ዋጋው የሚወጣ ንብረት ነው።

ከሳንዲ ሁክ በኋላ ምን ሆነ? ኒው ዮርክ በአንድ ወር ውስጥ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2013፣ የራሱን ጥብቅ ሕግ አወጣ። ዋሽንግተን ግን አራት ወር አወራ። ኤፕሪል 17 ቀን 2013 ሴኔቱ ድምፅ ሰጠ። የጠመንጃ እገዳው 40 ለ60 ወደቀ። ማጣሪያውን ለማስፋት የቀረበው ሐሳብ 54 ለ46 ድጋፍ ቢያገኝም 60 ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር እሱም ወደቀ። አራት ወር ሙሉ «ሊከለከል ነው» ተብሎ፣ መጨረሻ ላይ ምንም አልተከለከለም።

የዌልስሊ ኮሌጅ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ያን ጊዜ መርምረው በ2017 ጥናት አወጡ። በአምስት ወር ውስጥ ከወትሮው በላይ 3 ሚሊዮን ገደማ ተጨማሪ መሣሪያ መሸጡን ገመቱ። በጎግል ላይ ስለ መሣሪያ ግዢና ስለ መሣሪያ ማጽዳት የሚደረገው ፍለጋም ጨምሮ ነበር። ማለትም ሰው አዲስ መግዛት ብቻ አልነበረም የያዘው፤ የቆየውንም ከተቀመጠበት እያወጣ ይወለውል ነበር። በዚያው ጊዜ በድንገተኛ ተኩስ የሞቱ ሰዎች ቁጥር ከፍ አለ። ግምታቸው 60 ገደማ ተጨማሪ ሞት ነው። ከእነሱ 20 ያህሉ ሕፃናት ነበሩ።

ይህን ቁጥር ማለፍ ይከብደኛል። ሌላ ሃያ ሕፃናት ሞቱ ማለት ነው። ለልጆች ተብሎ የተጀመረ ክርክር ሕግ ሳይወልድ ቀረ፤ ቤት ውስጥ ግን መሣሪያውን አበዛ። ሕጉ ይውጣ ወይስ አይውጣ በሚለው ላይ ሰዎች ይለያያሉ። ማውጣት የማይቻል ሕግን ለወራት ማወጅ ግን ምንም ጉዳት የሌለው ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ጥናት ያንብብ።

ወደ ጥይቱ ልሂድ። ጥይት ከመሣሪያ ይልቅ ለወሬ ስስ ነው። መሣሪያ አንዴ ከተገዛ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥይት ግን ያልቃል። ስለዚህ የሚፈራ ሰው ያከማቻል። በ2013 ከገበያ ድራሹ የጠፋው የትኛው ጥይት ይመስላችኋል? ባለ 22 ካሊበሩ። ትንሿ፣ ርካሿ፣ ልጆች ኢላማ የሚለማመዱባት፣ ጥንቸል የሚታደንባት። እሷን ልከልክል ያለ ረቂቅ ሕግ አልነበረም። ሆኖም 500 ፍሬ የያዘ ካርቶን 20 ዶላር ገደማ የነበረው እጥፍና ከዚያ በላይ ሆነ። ሱቆች ለአንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት ፓኬት ብቻ ብለው ገደቡ። ሰዎች የጭነት መኪናው የሚገባበትን ቀን እያጠኑ ሱቅ ሳይከፈት ይሰለፉ ጀመር። እጥረቱ ለዓመታት ቆየ።

አንዱ ያባባሰው ነገር ወሬ ነው። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ጥይት ለማሳጣት ከገበያ እየሰበሰበ ነው ተባለ። ከ1 ቢሊዮን በላይ ጥይት ሊገዛ ነው የሚል ቁጥር በየቦታው ዞረ። ጉዳዩ ኮንግረስ ድረስ ደርሶ ችሎት ተቀመጠበት። የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤቱ በጃንዋሪ 2014 ሲያጣራ፣ ግዢው ጭራሽ ከ2009 ወዲህ እየቀነሰ መጥቶ ነበር። ይህ ሲታወቅ ግን መደርደሪያው ከተራቆተ ዓመት አልፎታል።

ፋብሪካዎቹስ ለምን ቶሎ አያመርቱም? አንድ ጥይት አራት ነገር ይፈልጋል፦ ቀለህ፣ አረር፣ ባሩድ፣ እና ቀለሁ ቂጥ ላይ ተቀምጣ ባሩዱን የምትለኩሰው ትንሿ ቆብ። ሁሉም የሚታነቀው በዚህች ቆብ ነው። የሚቀጣጠለው ኬሚካል ለአያያዝ አደገኛ ስለሆነ ማንም ተነስቶ አያመርታትም። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚያመርቷት አራት ስሞች ናቸው፦ ፌዴራል፣ ሲሲአይ፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን። ሬሚንግተን በ2020 ዳግም ሲከስር የጥይት ፋብሪካውን ቪስታ አውትዶር ገዛው። ፌዴራልና ሲሲአይም የቪስታ ነበሩ። ሦስቱ በአንድ ባለቤት እጅ ገቡ ማለት ነው። ደግሞስ በምርጫ ወሬ ለሚመጣ ግርግር በመቶ ሚሊዮን ዶላር አዲስ መስመር የሚዘረጋ ማን ነው? ግርግሩ አልፎ ሰው ባከማቸው ጥይት ለዓመታት ሲተኩስ ፋብሪካው ይቀመጣል። አምራቾቹ ይህን ከ2017 ተምረዋል።

በ2020 ሁሉም ነገር በአንዴ መጣ። በማርች ወረርሽኙ። በሜይ መጨረሻ የጆርጅ ፍሎይድ መገደልና የከተሞች ነውጥ። በኖቬምበር ምርጫ። የዓመቱ ማጣሪያ 39.7 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በማርች 2021፣ ጆ ባይደን ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ በአንድ ወር ብቻ 4.69 ሚሊዮን ገደማ ተመዘገበ። ከዚያ በላይ የሆነ ወር እስካሁን አላየሁም። ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት አንዷ ከ20 ሳንቲም ያልበለጠ ዋጋ የነበራት፣ በ2021 መጀመሪያ 60 ሳንቲምና ከዚያም በላይ ገባች። የጥይት አምራቹ የፌዴራል ኃላፊ ኩባንያቸው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያልደረሰ ትእዛዝ ላይ መቀመጡን በቪዲዮ ወጥተው ተናገሩ። በኦገስት 2021 ደግሞ የባይደን መንግሥት በሩሲያው ተቃዋሚ ፖለቲከኛ በአሌክሲ ናቫልኒ መመረዝ ምክንያት ከሩሲያ ለሚመጣ መሣሪያና ጥይት አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ አገደ። ርካሹ የሩሲያ ጥይት ሊጠፋ ነው ተብሎ የቀረው ተሻማ። ሞስኮ ላይ የተወረወረ ማዕቀብ ቴክሳስ ያለውን ኢላማ ተኳሽ ኪሱ ውስጥ አገኘው።

የ2020ው ግርግር ግን ከቀድሞው የተለየ መልክ ነበረው። ሕግ ሊወጣ ነው ከሚለው ስጋት ላይ፣ ፖሊስ ላይደርስልኝ ይችላል የሚል ሌላ ስጋት ተጨመረ። የኖርዝኢስተርንና የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከጃንዋሪ 2019 እስከ ኤፕሪል 2021 ባለው ጊዜ 7.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመሣሪያ ባለቤት መሆናቸውን ገመቱ። ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ጥቁሮች 20 በመቶ፣ ሂስፓኒኮችም 20 በመቶ ገደማ ነበሩ። መሣሪያ የነጭ ገጠሬ ወንድ ነገር ነው የሚለው ሥዕል ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የነዳጅ ማደያ፣ የመጠጥ ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሌሊት ታክሲና ኡበር የሚነዱም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ሰው ዜናውን አይቶ «እኔስ ልግዛ እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕጉን ይወቅ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። መግዛት ለማይችል ዘመድ ወይም ጓደኛ ብሎ በራስ ስም መግዛት ከባድ ወንጀል ነው፤ በ2022 የወጣው ሕግ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት እስር አድርሶታል። በእኛ ባህል ለወንድም ማድረግ ቀላል ነገር ነው። 4473 ላይ ግን ፊርማ አለ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ የሳንዲ ሁኩን ጥናት አስታውሱ። የሚቆለፍ ሳጥን ሳይገዙ መሣሪያ መግዛት የለም።

ብዙ አበሻ የሚኖርባት ቨርጂኒያ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ናት። በኖቬምበር 2019 ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች አሸነፉ። አዲሱ ምክር ቤት ገና ሳይሰበሰብ በርካታ የገጠር አውራጃዎች አዲስ የመሣሪያ ሕግ አናስፈጽምም የሚል ውሳኔ ማሳለፍ ጀመሩ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ወደ 22 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ብዙው ጠመንጃ አንግቶ፣ ሪችመንድ ከተማ ወጣ። በጣም የተፈራው የጠመንጃ እገዳ በፌብሩዋሪ ወደቀ። የጣሉት አራት የዴሞክራት ሴናተሮች ከሪፐብሊካኖች ጋር ሆነው ነው። በጁላይ 1 ሥራ ላይ የዋሉት ሕጎች የማጣሪያ መስፋትና በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ ያለመግዛት ዓይነት ነበሩ። ሰዉን ያሯሯጠው ግን ያልወጣው ሕግ ወሬ ነው።

ተገላቢጦሹም ይሠራል። በጁላይ 2025 ትራምፕ የፈረሙት ትልቁ የበጀት ሕግ፣ ከ1934 ጀምሮ በመሣሪያ ድምፅ ማፈኛ ላይ የነበረውን የ200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ አደረገው። ገዢው ምን አደረገ? ቆመ። ስድስት ወር ጠብቄ በነፃ አገኘዋለሁ አለ። ሻጮች ግብሩን እኛ እንክፈልልህ እያሉ ለመኑት። እዚህም ያው ነው። በቃሉና በሕጉ መካከል ያለው ጊዜ ገበያውን አንዴ ያግላል፣ አንዴ ያቀዘቅዛል።

ይህን ክፍተት መዝጋት ይቻላል? ኒውዚላንድ አድርጋዋለች። ማርች 15 ቀን 2019 ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች ላይ በተፈጸመ ጥቃት 51 ሰዎች ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በስድስተኛው ቀን እገዳውን አወጁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጠመንጃዎቹ የፖሊስ ልዩ ፈቃድ ከሚጠይቁት ምድብ ውስጥ ገቡ። ይህ የተደረገው ሰው ተሯሩጦ እንዳያከማች ታስቦ ነው። ሕጉ ኤፕሪል 10 ቀን 119 ለ1 ጸደቀ። ካናዳ ደግሞ ሁለቱንም መንገድ ሞክራለች። በሜይ 2020 ወደ 1,500 የሚጠጉ የጠመንጃ ሞዴሎችን በአንድ ጀንበር አገደች። በሜይ 30 ቀን 2022 ግን የሽጉጥ ሽያጭ ሊቆም ነው ብላ ቀድማ ተናገረች፤ ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 21 ነው። በመሃል ያሉትን ወራት ሰው በሽጉጥ ግዢ አሳለፋቸው። መደርደሪያቸው ባዶ የቀረ ሱቆች ብዙ ነበሩ።

አሜሪካ የኒውዚላንድን ማድረግ አትችልም። ሕገ መንግሥቷ፣ ሴኔቷና ፍርድ ቤቶቿ አይፈቅዱላትም። ስለዚህ ክፍተቱ ይኖራል። ክፍተቱን ደግሞ ሁሉም ይጠቀምበታል። ዴሞክራቱ መራጩን ይቀሰቅስበታል። ኤንአርኤ መዋጮ ይሰበስብበታል። ፋብሪካው ይሸጥበታል። የዱር እንስሳት ጥበቃ እንኳ ተጠቃሚ ነው፤ በ1937 የወጣ ሕግ ከመሣሪያና ከጥይት ሽያጭ 10 እና 11 በመቶ ግብር ወስዶ ለግዛቶች የዱር እንስሳት ሥራ ይሰጣል። የፖለቲካው ፍርሃት ሲግል የዚያ ሣጥንም ይሞላል።

አሁን አገር ቤት እንግባ። በእኛ አገር መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሴኔት ምን ይላል ብሎ አያዳምጥም። የሚያዳምጠው መንግሥት ራሱ ይቆያል ወይ፣ ጎረቤት ወረዳ ታጥቋል ወይ፣ ነገ ማን ይጠብቀኛል የሚለውን ነው። ፍርሃቱ ሌላ ነው፤ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የአገሪቱ ጦር ተበተነ። ወታደሩ ክላሹን ለመንገድ ስንቅ በወረደ ዋጋ ሸጠ። በየገበሬው ቤት የገባው መሣሪያ ብዛት ከዚያ ይጀምራል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሕገወጥ መንገድ ሲዘዋወር የተያዘ መሣሪያና ጥይት ዜና የዘወትር ሆነ። በነዳጅ ቦቴ፣ በእህል ጆንያ ሥር፣ በመኪና አካል ውስጥ። ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ከተማ ውስጥ የታወቀ ስም የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ፈቃድ የሌለው እንዳይዝ የሚል፣ የሚያስፈልግ ሕግ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በቅደም ተከተል እዩት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ተጀመረ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር መሣሪያ ያለው ነዋሪ በሁለት ቀን ውስጥ አስመዝግቦ አካባቢውን ለመጠበቅ እንዲደራጅ ጠየቀ። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ ትጥቅ ልንፈታ ነው የሚል ስጋት አማራ ክልል ውስጥ ተቀጣጠለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ብሎ የማዘዝ ሥልጣንን ጨምሮ ነበር።

አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ገበሬ ፈቃድ አውጣ፣ ታጠቅ፣ አስመዝግብ፣ አስረክብ ተብሏል። እያንዳንዱ ጥሪ በወቅቱ ምክንያት ነበረው። ገበሬው ግን አራቱንም ያስታውሳል። ዛሬ «ኑ ተመዝገቡ» ቢባል የሚሰማው «ኑ አስረክቡ» ነው። አሜሪካዊው በ1986 ሕግ አስጽፎ የተከላከለውን ስጋት፣ የእኛ ሰው መሣሪያውን በመደበቅና አንድ ተጨማሪ በመግዛት ይከላከለዋል። መንግሥት ምዝገባን ከትጥቅ ማስፈታት የሚለይ ቃል ከፈለገ፣ ቃሉ በሕግ ተጽፎ፣ ለዓመታት ሳይታጠፍ መቆየት አለበት። ያስመዘገበ ሰው መሣሪያው እንዳልተወሰደበት ጎረቤቱ በዓይኑ ማየት አለበት። ቁጥጥሩ ከከተማ ይጀመር ከገጠር፣ በፖሊስ ይሁን በሚሊሻ የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።